ቅቤ የጠጣው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ሚስት የጓዳውን በር ንፋስ እንዳያላጋው በድንጋይ አስደግፋ አገኘኋት። ድንጋዩን አየሁት። ቁመቱ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል፣ ወርዱ አራት ጣት ነው፣ መልኩ አረንጓዴ የነካው ግራጫ ነው።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከአልጋዎ ስር ነው እማማ። ስጠርግ አገኘሁት፤ ተራ ድንጋይ መስሎኝ ነው» አለችኝ።

እኔ ቶሎ የምናገር ሰው አይደለሁም። አነሳሁት፣ አቧራውን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁት፣ በሳህን ውሃ ቀድቼ ነከርሁት። ወዲያው ከሆዱ ትንንሽ አረፋ ይለቅ ጀመር። ሽታውም መጣ፤ በጋውን የደረቀ ወንዝ የመጀመሪያውን ዝናብ ሲቀበል የሚሸተው ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ዕድሜዬ ከሰማንያ አልፏል፤ ግን ልቤ በልጅነቴ እንደዚያች እንደ ቡሬ ገበያ ጧት ይመታ ነበር።

ድንጋዩ የምላጭ መሳያ ነው። ማጭድና ቢላ የሚሳልበት ሞረድ ሌላ ነው፤ እሱ ሻካራ ነው፣ ደጅ ተጥሎ ይከርማል፣ ፀሐይም ዝናብም አይፈራም። የምላጭ ድንጋይ ግን እንደ አራስ ነው። ዛሬ በፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በሚጋፉበት ዳርቻ፣ ፀጉር አስተካካዮቹ ምላጩን ከወረቀቱ አውጥተው ለሁለት ይሰብሩትና አንድ ራስ ላጭተው ይጥሉታል። ንጹሕ ነገር ነው፣ አልነቅፍም። በዚያ ዘመን ግን አንድ ምላጭ ከአባት ለልጅ ያልፍ ነበር፤ ምላጩን ምላጭ አድርጎ የሚያኖረው ደግሞ ድንጋዩ ነበር።

የደብሩን ካህናት የሚላጨው አባቴ ነበር። ድንጋዩን የገዛው ከአንድ የቡሬ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ሰውየው ከመተማ በበቅሎ ጭኖ ካመጣው ዕቃ መሃል ትንሽ ቦታ ይዞ ተቀምጦ ነበር አሉ። ጣሊያን ሳይመጣ አባቴ በንዳድ ሞተ። ምላጩና ድንጋዩ ለእናቴ ቀሩ። እናቴም የመንደሩን ልጆች ቁንጮ ታስተካክል፣ ሐዘንተኛ ትላጭ ጀመር። የድንጋዩ ውሃ ደግሞ የእኔ ሥራ ሆነ። ከመሳሉ በፊት በገበታ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ድንጋይ ሲጠጣ አረፋ ያወጣል፤ ሲጠግብ ዝም ይላል። ዝም ሳይል ምላጭ ማሳረፍ ክልክል ነው። «ያልጠገበ ድንጋይ ስለት ይበላል» ትል ነበር እናቴ። ሥራው ሲያልቅ ከላህ ወንዝ ባመጣሁት ጠፍጣፋ ድንጋይ ፊቱን አሽቼ አስተካክለዋለሁ፤ መሃሉ ከጎደጎደ ምላጩ ይጣመማል። ከዚያ በሰፌድ ላይ፣ በጥላ። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይሰነጠቃል፣ ምድጃ አጠገብ ካስቀመጡትም እንደዚያው። ጨርሶ እንዳይደርቅ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ ውሃ ማጠጣት አለ። እህቶቼ ጥጃ ሲጠብቁ እኔ ድንጋይ እጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ዓመቱን እንዲህ ነው ብዬ አልቆርጥም። ይህች ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ገና ወጀት ትባል ነበር። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቷል፣ መኪናው መንገዱን እያቦነነ ያልፋል፣ ሰው ሁሉ ለጣሊያን «የገባ» እና «ያልገባ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። የገባው ገበያ ይወጣል፤ ያልገባው ጫካ ነው፣ ጎፈሬውን ያሳድጋል። በገበያው ሊሬ ነበር፣ ጠገራ ብርም ነበር። ሊሬውን ሴቶቹ እንደ ጌሾ ቅጠል ያገላብጡታል፤ ጠገራው ሲንኳኳ ግን የሁሉም አንገት ይዞራል። የጣሊያንን አቡጀዲ «አንድ እጥበት አይችልም» እያሉ ያሙታል፣ አምተውም ይገዙታል። እኔ ራሴ ከዚያ አቡጀዲ የተሰፋች ቀሚስ ነበረችኝ። ወገቧ ላይ ቀይ ክር ነበራት። ከዚያ በኋላ ብዙ ልብስ ለብሻለሁ፣ በማታ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃን ስማርም ጥሩ ሹራብ ነበረኝ፤ እንደዚያች ቀሚስ ግን የኮራሁበት የለም።

ታሪኩ የሚጀምረው እናቴና እኔ ለዘመድ ለቅሶ ጅጋ በሄድን ጊዜ ነው። ቤቱን አደራ ያልነው ለአባቴ ታላቅ እህት ለአክስቴ ማንጠግቦሽ ነበር። አክስቴ ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸውም ይጮህ ነበር። እናቴ ስትወጣ «እትዬ፣ ድንጋዩ እንዳይደርቅ አደራ» አለቻቸው። «ሂጂ! ለድንጋይ ደግሞ ይለመናል?» አሉ። ለቅሶው ለሳልስትም ለሌላም እየተባለ ተራዘመና ቆይተን ተመለስን።

በተመለስን ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ደምሴ በጓሮ ገባ። አያ ደምሴ ያልገባ ሰው ነበር። ጎፈሬው ከበሩ መቃን ጋር ይታገላል፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሚስቱን ስንዱን ቡሬ ላይ ይዘዋታል። አርግዛለች፣ ወሯ ገፍቷል። በአንድ ባንዳ ሹም ግቢ አስቀምጠው «ባሏ ካልገባ አትወጣም» ብለዋል።

«እትዬ» አላት እናቴን፣ ገና ሳይቀመጥ፣ «ከነገው ገበያ በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊወስዷት ነው። ነገ ለመንገዷ ስንቅ ልትሸምት ገበያ ትወጣለች፤ ያኔ ካላወጣኋት አላገኛትም።»

«በየት በኩል ትገባለህ? በዚህ ራስ?»

«ላጪኝ። የቅኔ ተማሪ ሆኜ እገባለሁ። ደበሎና አኩፋዳ ተውሻለሁ።»

«ሌላ ሰው ላክ።»

«ሌላ ሰው ቢጠራት አታምንም። እኔን ካየች ግን ትመጣለች።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረን። የቡሬ በር ጠባቂዎች ከሰሞኑ ጥበብ አግኝተዋል። የተላጨውን ወንድ ሁሉ ነጠላውን አስወልቀው ራሱን በመዳፍ ይዳብሳሉ። ጫካ ውስጥ በጩቤ የተላጨ ራስ ይጫራል፣ ጠባሳና ቁስል አለው፤ ተማሪ ግን ጓደኛው በስል ምላጭ ስለሚላጨው ለስላሳ ነው። ባለፈው ገበያ አንዱን በጭረቱ ይዘውታል።

«አንድ ጭረት አይኑር እትዬ» አለ። «አንድም።»

እናቴ ምላጩን አወጣች፤ ሐዘንተኛ ስትላጭበት ከርማ ደንዟል። እኔ ገበታውን ውሃ ሞልቼ ድንጋዩን ለማምጣት ሮጥሁ። በሰፌዱ ላይ የለም። ያገኘሁት ከምድጃው ጀርባ ነው። አነሳሁት፤ ከእጄ ሙልጭ አለ። ነከርሁት። ዝም። አንዲት አረፋ የለም። ውሃው ጀርባው ላይ እንደ ጎመን ቅጠል ላይ ጤዛ ተንከባለለ።

«እምዬ» አልኳት፣ «ድንጋዩ አይጠጣም።»

እናቴ አሸተተችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ አክስቴ ዞረች። በቁጣዋ ሰዓት አንቱታዋ ይበዛ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ድንጋይ ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? እንዳይደርቅ አላልሽም? ቅቤ ቀባሁት እንጂ!»

«ቅቤ?»

«ለጋ ቅቤ! የራሴን! እየጠጣ እየጠጣ ጨረሰብኝ እኮ፤ ምድጃው ዘንድ አስጠግቼ ነው ያጠገብሁት። ጠፍር እንዳይደርቅ ምን እንቀባለን? ቅቤ። ራስ እንዳይደርቅስ? ቅቤ። አንቺ ይኸን ምስኪን እንደ እንቁራሪት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽው ስትኖሪ አዘንሁለት!»

አያ ደምሴ ጎፈሬውን በሁለት እጁ ያዘ። «እትዬ ማንጠግቦሽ» አለ፣ «ጣሊያን ያላገኘኝን እርስዎ አገኙኝ።»

ምላጭ በቅቤ ላይ አይሳልም፤ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ሌላ የምላጭ ድንጋይ በአቅራቢያው አልነበረም። በማጭድ ሞረድ ከተሳለ ደግሞ ስለቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ያ ማለት ጭረት ነው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሥራ ጀመረች። እኔ እስከዛሬ ድረስ እንደዚያ ቀን በደስታና በፍርሃት አንድ ላይ የሮጥሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

አክስቴ «እሳት ላይ ጣሉት፣ ቅቤው ይቀልጥና ይወጣል» ሲሉ እናቴ «እትዬ፣ እርስዎ እባክዎ ይቀመጡ» አለች። ድንጋይ እሳት ካገኘው ይሰነጠቃል። እኔን ለብ ያለ አመድ አምጪ አለችኝ። ድንጋዩን በነፋነው አመድ ውስጥ ቀበርነው። ስናወጣው አመዱ ቅቤውን ስቦ እንደ ቆሎ ጠጥሯል። ያንን ጥለን በሌላ አመድ ቀበርነው። ደግሞ ጣልን። እኔ እንዶድ ወቀጥሁ፤ በእንዶዱ አረፋ ስናሸው አረፋው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ነጭ ሆነ። በመጨረሻም በዚያ በላህ ወንዝ ድንጋይ ፊቱን እየፈገፈግን ላዩን ልጣጩን አነሳንለት። አያ ደምሴ ደጁን እያየ፣ ያንን ግዙፍ ጎፈሬ እየነቀነቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉር ነበር፤

ጎፈሬዬ ይሂድ ይብቀል እንደገና፣
ሚስቴ ከቡሬ በር ትውጣልኝ በደህና።

ፀሐይ ከፍ ስትል ድንጋዩን መልሼ ነከርሁት። ሁላችንም በገበታው ላይ አጎነበስን። አክስቴም ሳይቀሩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከመሃሉ አንዲት አረፋ ወጣች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ እንደ ተልባ ፍሬ እየተከታተለ መጣ።

«ጠጣ!» ብዬ ጮህሁ። እናቴ አፌን በእጇ ያዘችኝ፤ እሷም ግን ትስቅ ነበር።

ከአንድ ጥግ በቀር ሁሉም ጠጣ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ያች ጥግ ቅቤዋን አልለቅ አለች። እናቴ ጊዜ የለንም ብላ ተወቻት። አረፋው ዝም እስኪል ጠበቅን፤ ያ ቀን ነው ድንጋይ እስኪጠግብ መጠበቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ። ከዚያ ምላጩን ጥጓን እያራቀች፣ ሳትጫን፣ በራሱ በምላጩ ክብደት ብቻ ታስኬደው ጀመር። በድንጋዩ ላይ ወተት የመሰለ ቀጭን ጭቃ ወጣ። ያን አታጥብም፤ ስለቱን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። በጠፍር ላይ አመላለሰችው። በክንዷ ፀጉር ሞከረችው። ፀጉሩ ሳይሰማ ወደቀ።

አያ ደምሴን ከጓሮ ከብት በረቱ ጥላ ስር አስቀመጥነው። ጎፈሬው እንደ በግ ለምድ ሸብረክ እያለ ወረደ። እኔ ውሃውን ያዝሁ። እናቴ ስትጨርስ በመዳፏ ዳበሰችው፣ እኔም ዳበስሁት። አንድ ጭረት አልነበረበትም። ግን ሌላ ጉድ ታየ። ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ አናቱ ደግሞ እንደ ቅል የነጣ! ሁለት ሰው ይመስላል።

አያ ደምሴ በውሃው ራሱን አየና «ይኼ ማነው?» አለ።

አክስቴ ይህን ጊዜ ተነሱ። እስካሁን እንዲቀመጡ ታዝዘው ነበርና ሰዓታቸው ደረሰ። «አሁንስ ተናገሩ» አሉ፣ «ቅቤ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» የድስት ጥላሸት ፍቀው በቅቤ ለወሱና አናቱን አሹት። ከዚያ እስኪመሽ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ሲመሽ ራሱ ከፊቱ ጋር ታርቆ ነበር።

በነጋታው ገና ሌሊት ተነስተን ቡሬ ገበያ ሄድን። እናቴና እኔ ጌሾ ይዘን ከፊት፣ አያ ደምሴ ደበሎውን ለብሶ፣ ራሱን በነጠላ ሸፍኖ ከኋላችን፣ አክስቴ በትልቅ ባርኖስ ተጠቅልለው ቅቤያቸውን ተሸክመው ከእሱ ቀጥሎ። በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። የበርበሬው፣ የበቅሎው፣ የአዲሱ አቡጀዲ ሽታ እስካሁን በአፍንጫዬ አለ። እኛ አለፍን። ዞር ብዬ አየሁ። ጠባቂው የአያ ደምሴን ነጠላ ከራሱ ገፈፈ።

«ተማሪ ነኝ ትላለህ?»

«አዎ ጌታዬ። በእንተ ስማ ለማርያም።»

ጠባቂው መዳፉን አናቱ ላይ አሳረፈ። ከፊት ወደ ኋላ ሳበው፣ ደግሞ ከጆሮ ወደ ጆሮ። ጭረት ፈልጎ አጣ። ሊያሳልፈው ሲል መዳፉን አየ። መዳፉ ጥቁር ነው። ቅቤና ጥላሸት!

እናቴ እጄን ጨመቀችው፤ ጣቶቼ የተሰበሩ መሰለኝ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ጠባቂው።

«ቆረቆር ነው!» ብለው ጮሁ አክስቴ ከኋላ። ገበያው ሁሉ ዞረ። «ቆረቆር ነው የኔ ጌታ! ለተማሪው አዝኜ ጥላሸት በቅቤ የቀባሁለት እኔ ነኝ! ኧረ እጅዎን! ምነው ሳይጠይቁ ነኩት? የጎረቤቴ ባል እንዲሁ ነክቶ ጢሙ ሁሉ ረገፈ!»

ጠባቂው እጁን እሳት እንደበላው አራገፈ፣ በግንቡ ላይ አሸው፣ በሱሪው ላይ አሸው፣ «ሂድ! ጥፋ ከፊቴ!» ብሎ አያ ደምሴን በእግሩ ገፍትሮ አስገባው። ከኋላው የነበሩትንም የተላጩ ሰዎች ሳይዳብስ አሳለፈ ይባላል፤ ያን ግን አላየሁም።

ስንዱ ወደ እኩለ ቀን ገደማ የምትጠብቃት አንዲት አሮጊት ተከትላት ወደ ገበያው መጣች። ለመንገዷ ስንቅ ልትሸምት ነበር። አያ ደምሴ አኩፋዳውን ዘርግቶ ከፊቷ ቆመ። «በእንተ ስማ ለማርያም» አላት።

«እግዜር ይስጥህ» ብላ አለፈችው።

«ስንዱ!» አላት በሹክሹክታ።

«ተማሪው፣ ስሜን ማን ነገረህ?» ብላ ፈጠነች። እኔን ካየች ታምነኛለች ያለው ሰው መላጣውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ጎፈሬ የሌለው ባል አግብታ አታውቅም! በኋላ እንደነገረችን «እብድ ተማሪ» ነበር ያለችው በልቧ። ያን ጊዜ እኔ በሰው መሃል ሾልኬ ቀሚሷን ያዝሁ። የጌሾ ቅጠል የማሳያት መስዬ «እሱ ነው። እናቴ ላጭታው ነው» አልኳት። ተመልሳ አየችው። ዓይኑን አየች መሰለኝ። የያዘችውን ቁና ወደ ጌሾው አስጠጋች፤ ፊቷ አልተለወጠም። ጠንካራ ሴት ነበረች።

የቀረውን አክስቴ ጨረሱት። ተከታይዋን አሮጊት ለጋ ቅቤ አቅምሰው፣ ዋጋ ጠርተው፣ ዋጋ ሰብረው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ያዟት። ባርኖሱ አስቀድሞ በእናቴ እጅ ነበር። ስንዱ ሆዷን በእሱ ሸፍና በእናቴና በእኔ መሃል ሆና በገበያተኛው ጎርፍ ወጣች። ሲወጣ ማንም አይዳበስም። አያ ደምሴ ከኋላ ከኋላ እየለመነ መጣ፤ ያገኘውን ቁራሽም በመንገድ ላይ አበላት። አክስቴ በመጨረሻ ባዶ ቅል ይዘው ደረሱ። «በርካሽ ሸጥሁ» ብለው እስከ ቤት አጉረመረሙ። አያ ደምሴና ስንዱ በዚያው ምሽት ወደ ቋሪት ደጋ ተሻገሩ።

ስንዱ ወንድ ልጅ ወለደች። ለክርስትናው ደጋ ወጣን። የልጁን የመጀመሪያ ፀጉር የምትላጨው እናቴ ናት ተባለ። ድንጋዩን በገበታ ነክሬ አቀረብሁ። ሁሉም ተሰብስቦ አረፋው ዝም እስኪል ሲጠብቅ አክስቴ ማንጠግቦሽ ለሕፃኑ አናት የሚሆን ለጋ ቅቤ በቅል ይዘው ብቅ አሉ። እናቴ አየቻቸው። ድንጋዩን ከነገበታው አንስታ ጓዳ ገባች። አያ ደምሴ ሳቀ፤ ጎፈሬው ማደግ ጀምሮ ነበርና ሲስቅ ይነቀነቅ ነበር። አክስቴ አልተቀየሙም። «የሳቀ ይሳቅ፣ ይህን ልጅ ያወጣው ቅቤዬ ነው» አሉ። እስኪሞቱ ድረስም እንዲሁ ይሉ ነበር። ማንም አላስተባበላቸውም። እናቴ ደግሞ ድንጋዩ ነው ትል ነበር፤ እሷንም ማንም አላስተባበላትም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ሚስት አልነገርኋትም። ትንሽ ትንሹን ነው የነገርኋት። በሩን በሌላ ድንጋይ አስደገፈችና መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች፣ ሳህኑንም አብረን አየን። ድንጋዩ ሲንጫጫ ቆይቶ ዝም አለ። አውጥቼ በእጇ ሰጠኋት። ሁሉም ፊቱ ርሶ ጠቁሯል፤ አንዲት ጥግ ብቻ ደርቃ፣ ውሃውን እያንከባለለች ታበራለች።

«እማማ፣ ይቺ ጥግ ለምን አትጠጣም?» አለችኝ በጣቷ እየነካች።

«እሷ ጠግባለች» አልኳት።